የዶጅ ሲቲው ማርሻል በሬዲዮ፦ ስለ ‹ጋንስሞክ› ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትማችን ስለ ቀድሞ የአሜሪካ የሬዲዮ ድራማዎች አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ያተኮሩት በአንድ ድራማ ላይ ነው፤ እርሱም ከ1952 እስከ 1961 በሲቢኤስ ሬዲዮ የተላለፈው፣ ስሙም የባሩድ ጭስ ማለት የሆነው ‹ጋንስሞክ› ነው። ይህን ድራማ ለብዙ ዓመታት በፍቅር ያዳመጥሁ በመሆኔ መልሱን እንድጽፍ ዕድሉ ስለተሰጠኝ ደስ ብሎኛል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ አሽከርካሪ ነኝ። እዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እሑድ ማታ ተሳፋሪ ስጠብቅ በ88.5 ኤፍ ኤም ላይ የድሮ ድራማዎች ይተላለፉ ነበር፤ ከእነርሱም ውስጥ ማት ዲለን የሚባለውን ማርሻል ታሪክ ሳልሰማ ወደ ቤት አልገባም ነበር። ሰዎቹ ረጋ ብለው ስለሚናገሩ እንግሊዝኛውን ለመከተል አልተቸገርሁም። ለመሆኑ ማት ዲለን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው? ዶጅ ሲቲስ እንደሚባለው በየቀኑ ሰው የሚገደልባት ከተማ ነበረች? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይሰሙት የነበረው ፕሮግራም ‹ዘ ቢግ ብሮድካስት› ይባላል። በዋሽንግተኑ ደብሊው ኤ ኤም ዩ ጣቢያ በ1964 የጀመረው ጆን ሂክማን ሲሆን፣ ከ1990 እስከ 2015 ያቀረበው ደግሞ ኤድ ዎከር ነበር። ኤድ ዎከር ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ ሰው ነው። ዓለምን በጆሮው ያወቀ ሰው እነዚህን ድራማዎች ለሩብ ምዕተ ዓመት እንደ አደራ ዕቃ ጠብቆ ማቆየቱን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ማት ዲለን በሥጋ የኖረ ሰው አይደለም። ኖርማን ማክዶኔል የተባለ የሬዲዮ ዳይሬክተርና ጆን ሜስተን የተባለ ደራሲ የፈጠሩት ገጸ ባሕርይ ነው። የሚኖርባት ከተማ ግን እውነተኛ ናት፤ ዛሬም በካንሳስ ግዛት በአርካንሳስ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ዶጅ ሲቲ በ1872 ፎርት ዶጅ ከተባለው የጦር ሰፈር በስተምዕራብ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመትም የሳንታ ፌ የባቡር ሐዲድ ደረሰላት። የመጀመሪያ ሀብቷ የጎሽ ቆዳ ነበር፤ አዳኞች በየሜዳው የገደሏቸው ጎሾች ቆዳ እንደ ጭድ ክምር በሐዲዱ ዳር ተከምሮ ወደ ምሥራቅ ይጫን ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎሹ ተፈጅቶ ሲያልቅ ከቴክሳስ እየተነዱ የሚመጡ የቀንድ ከብቶች ተተኩ፤ ከ1875 ገደማ ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት ያህል ከተማዋ የከብት ገበያ ሆነች። ይህንም ዘመን የዘጋው ሽጉጥ ሳይሆን መዥገር ነው። የቴክሳስ ከብቶች በሚያመጡት መዥገር ምክንያት የካንሳስ ገበሬዎች ከብት በትኩሳት እያለቀ በመቸገሩ፣ ግዛቱ በ1885 የቴክሳስን ከብት ወደ ውስጥ እንዳይገባ አገደ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ወራትን በአቧራ ላይ ተጉዘው፣ ደመወዛቸውን በአንድ ጊዜ ተቀብለው፣ በመጠጥ ቤትና በቁማር ቤት መካከል በሚሰነብቱ ወጣት ከብት ነጂዎች ላይ ሕግ ማስከበር ቀላል ሥራ አልነበረም። ዋይት ኧርፕና ባት ማስተርሰን በዚህች ከተማ በሕግ አስከባሪነት ሠርተዋል፤ የባት ወንድም ኤድ ማስተርሰን ደግሞ የከተማዋ ማርሻል ሆኖ ሳለ በ1878 አንድ የሰከረ ከብት ነጂን ሽጉጥ ለማስፈታት ሲሞክር ተገድሏል። ይሁን እንጂ ታሪክ አጥኚው ሮበርት ዳይክስትራ አምስቱን ዋና ዋና የካንሳስ የከብት ከተሞች አንድ ላይ መርምረው ከ1870 እስከ 1885 ባሉት ዓመታት የቆጠሩት የግድያ ብዛት 45 ብቻ ነው። በድራማው ሰው ሳይሞት የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ሲሆን፣ በእውነተኛዋ ዶጅ ሲቲ ግን ከባቡር ሐዲዱ በስተሰሜን መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ የተከለከለ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሽጉጡን አስረክቦ ሲወጣ ይቀበል ነበር። የማርሻሉ የዕለት ሥራ በአብዛኛው ተኩስ ሳይሆን ይህን የመሣሪያ ክልከላ ማስከበርና ሰካራምን ወደ እስር ቤት መውሰድ ነበር።

አንድ ነገር ላክልልዎ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። በዚያ ዘመን ሦስት ዓይነት ሕግ አስከባሪዎች ነበሩ። የከተማ ማርሻል በከተማው ምክር ቤት የሚቀጠር ነው፤ ሸሪፍ በአውራጃው ሕዝብ ይመረጣል፤ የዩናይትድ ስቴትስ ማርሻል ግን ከ1789 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ ሹመት ሲሆን፣ ተሿሚው በፕሬዚዳንቱ የሚሾምና በአንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ወረዳ ላይ ኃላፊነት ያለው ነው። ማት ዲለን የሦስተኛውን ሹመት ይዞ የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራል። ይህ ከታሪክ ጋር ባይስማማም ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ማርሻሉን አንድ ሳምንት በዶጅ ጎዳና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ በሚያስኬድ ሜዳ ላይ ልናገኘው አንችልም ነበር።

ጥያቄ፦ የሬዲዮ ድራማ እጽፋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ሲተርክ ከሰማሁ ጀምሮ አንድ ድምፅ ብቻውን አገር ሊሠራ እንደሚችል አምናለሁ። የ‹ጋንስሞክ›ን ጥቂት ክፍሎች ሰምቻለሁ፤ ከንግግሩ ይልቅ ዝምታው ገረመኝ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከእርሱ በፊት ከነበሩት የካውቦይ ድራማዎችስ በምን ይለያል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሡ አመሰግንዎታለሁ፤ የድራማው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ከ‹ጋንስሞክ› በፊት የምዕራብ አሜሪካ የሬዲዮ ድራማ ማለት በአብዛኛው የልጆች ድራማ ማለት ነበር። ከሁሉም የታወቀው በ1933 በዲትሮይት ደብሊው ኤክስ ዋይ ዜድ ጣቢያ የተጀመረው ‹ዘ ሎን ሬንጀር› ነው። ጭምብል ያጠለቀው ጀግና የብር ጥይት ይተኩሳል፤ ነገር ግን ሰው አይገድልም፤ ጠላቱን የሚመታው መሣሪያውን ለማስጣል ነው፤ ንግግሩም እንከን የለውም። ለልጆች የተሠራ በመሆኑ ይህ አያስነቅፈውም። ሆኖም በእንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ ጥይት ማንንም አያቆስልም፤ ጀግናውም ሌሊት እንቅልፍ አያጣም።

ማክዶኔልና ሜስተን ያሰቡት ለአዋቂ ሰው የሚሆን ድራማ ነበር። የሲቢኤስ ሊቀ መንበር ዊልያም ፔሊ በከተማ የሚዘዋወሩ የግል መርማሪዎችን ድራማ ይወድ ስለነበር ያንኑ መንፈስ ወደ ምዕራቡ ሜዳ የሚወስድ ሥራ እንዲዘጋጅ ጠየቀ፤ በ1949ም ሙከራ ተቀዳ። ለዋናው ገጸ ባሕርይ የተመረጠው ሃዋርድ ከልቨር ግን በሌላ ድራማ ውል የታሰረ በመሆኑ ሐሳቡ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1952 የመጀመሪያው ክፍል ተላለፈ። ዋናው ተዋናይ ዊልያም ኮንራድ ነበር። ድምፁ በብዙ ድራማዎች ስለሚሰማ ለአድማጭ ጆሮ አዲስ አይሆንም የሚል ሥጋት ነበር፤ ለሙከራ ሲያነብ ግን ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገም።

በመግቢያው ላይ ማት ስለ ሥራው በራሱ አንደበት ይናገራል። ማርሻል ማለት ሰዎች ሲቸገሩ መጀመሪያ የሚፈልጉት፣ ነገር ግን ሊያገኙት የማይወዱት ሰው መሆኑን፣ ሥራውም ሰውን ጠንቃቃና ትንሽ ብቸኛ እንደሚያደርግ ይነግረናል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ብቸኝነት ማብራሪያ ነው። አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ሕጉ የሚያዘው ልቡ ከሚፈቅደው ጋር ይጣላል፤ ሰው ከገደለ በኋላም የደስታ ሙዚቃ አይከተለውም።

ስለ ዝምታው የጠየቁት በድምፅ ባለሙያዎቹ ሥራ ይመለሳል። ቶም ሃንሊ፣ ሬይ ኬምፐርና ቢል ጄምስ የሠሩት ሥራ እኔ እስከማውቀው ድረስ በሬዲዮ ድራማ ውስጥ ወደር የለውም። በሌሎች ድራማዎች ተዋናዩ ‹እንግዲህ ወደ መጠጥ ቤቱ ልሂድ› ብሎ ሁለት ኮቴ ከተሰማ ቦታው ላይ ደርሷል። በ‹ጋንስሞክ› ግን ማት ከወንበሩ ሲነሣ ጣውላው ይንቋቋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ከውጭ ውሻ ሲጮህ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል፤ በቤቶቹ ፊት ለፊት በተነጠፈው ሳንቃ ላይ ይራመዳል፤ ወደ ጎዳናው ሲወርድ ኮቴው በአፈር ይታፈናል፤ ማዶ ሲደርስ እንደገና ሳንቃ ይረግጣል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከተረከዙ ላይ የታሰረው የፈረስ መኮርኮሪያ ብረት ይንቀጫቀጫል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አይናገርም። አድማጩ መንገዱን አብሮ ይሻገራል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ማዶ የሚጠብቀውን ሰው ስለሚያቀርብ፣ ያ ዝምታ ከየትኛውም ንግግር የበለጠ ያስጨንቃል። የተኩሱን ድምፅ ደግሞ በስቱዲዮ ከሚፈነዳ ባዶ ጥይት ይልቅ ከቤት ውጭ ከተቀዳ እውነተኛ ተኩስ ያገኙት ነበር፤ በዚህም የተነሣ ጥይት ሲተኮስ ክብደት አለው፤ ከተተኮሰም በኋላ ሜዳው ዝም ይላል።

እንደ ጸሐፊነትዎ በተለይ የሜስተንን ድርሰቶች እንዲሰሙ እመክርዎታለሁ። ሜስተን የኮሎራዶ ግዛት የፑብሎ ከተማ ተወላጅ በመሆኑ የከብት ነጂዎችን አነጋገር ከመጽሐፍ አልተማረውም። አጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ሰዎቹም የሚሰማቸውን ነገር በቀጥታ አይናገሩም። በኅዳር 1952 በተላለፈውና በመጠጥ ቤት ሠራተኛዋ በኪቲ ስም በተሰየመው ክፍል ማት ኪቲን ወደ ጭፈራ ምሽት ይጋብዛታል፤ ‹የተከበሩት› የከተማዋ ሰዎች ግን ያዋርዷታል። ማት ከታጠቀ ሰው ሊያድናት ይችላል፤ ከሰው ዓይን ግን ሊያድናት አይችልም። የዚያን ክፍል ያህል የጀግናውን አቅም ወሰን በግልጽ የሚያሳይ ትዕይንት በሌላ የካውቦይ ድራማ ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነታቸው ‹ጋንስሞክ›ን በቴሌቪዥን ያዩት ነበር፤ ማት ዲለን በጣም ረጅም ሰው እንደሆነም ይነግሩናል። በሬዲዮ የሚሰማው ድምፅ ግን የሌላ ሰው ነው። ለምን ተቀየረ? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ አባትዎ ትክክል ናቸው። በቴሌቪዥን ማትን የተጫወተው ጄምስ አርነስ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነበር። የቴሌቪዥኑ ድራማ መስከረም 10 ቀን 1955 ጀምሮ እስከ 1975 ድረስ ለ20 የሥርጭት ዘመናት የዘለቀ ሲሆን 635 ክፍሎች አሉት። ዊልያም ኮንራድ አጠር ያለና ወፍራም ሰው ነበር፤ በስክሪን ላይ ለማርሻል አይመጥንም ተባለ። ከእርሱ ጋር ረዳቱን ቼስተርን የተጫወተው ፓርሊ ቤር፣ ሐኪሙን ዶክተር አዳምስን የተጫወተው ሃዋርድ ማክኒርና ኪቲን የተጫወተችው ጆርጂያ ኤሊስም ወደ ቴሌቪዥኑ አልተሻገሩም። አራቱም ለዓመታት ሕይወት የሰጧቸው ገጸ ባሕርያት ፊት ለሌሎች ሰዎች ተሰጠ።

በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አዝናለሁ። አርነስን ለመንቀፍ አይደለም፤ መልካም ተዋናይ ነው። ነገር ግን የኮንራድ ድምፅ ውስጥ ያለው ድካም፣ ከመናገሩ በፊት የሚወስደው እረፍት፣ ቁጣውን ዝቅ ባለ ድምፅ የመያዝ ችሎታው በካሜራ ፊት ሊተካ አልቻለም። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አራቱ ተዋናዮች ሥራቸውን ሳይቀንሱ መቀጠላቸው ነው፤ ቴሌቪዥኑ አገሩን ሁሉ ባዳረሰባቸው በእነዚያ ስድስት ዓመታት ገደማ የሬዲዮው ‹ጋንስሞክ› እስከ ሰኔ 18 ቀን 1961 ድረስ ሳይቋረጥ ተላልፏል። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም የሲቢኤስ የመጨረሻዎቹ ሁለት ተከታታይ ድራማዎች ሲዘጉ የአሜሪካ የሬዲዮ ድራማ ዘመን አብሮ አበቃ። ኮንራድ ከጊዜ በኋላ በ1970ዎቹ ‹ካነን› በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ መርማሪ ሆኖ ተጫውቷል፤ ያ ወፍራም ሰውነቱም የማያስፈልግ ሳይሆን የሚወደድ ሆነ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ‹የሎን ሬንጀር ታሪክ የተቀዳው ባስ ሪቭስ ከሚባል ጥቁር ማርሻል ነው› አለኝ። እውነት ነው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ባስ ሪቭስ እውነተኛ ሰው ነው፤ ለልጅዎ ሊተረክለት የሚገባ ታሪክም አለው። በ1838 በአርካንሳስ በባርነት ተወለደ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን አምልጦ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው፣ በዚያን ጊዜ የነባር ሕዝቦች ግዛት ወደነበረችው ምድር ገባ፤ በዚያም ከነባር ሕዝቦች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ተማረ። በ1875 ዳኛ አይዛክ ፓርከር በፎርት ስሚዝ ሥራ ሲጀምሩ ምክትል የዩናይትድ ስቴትስ ማርሻል ሆኖ ተቀጠረ፤ እስከ 1907ም አገለገለ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችል የመያዣ ትእዛዞቹን ሌላ ሰው እያነበበለት በቃሉ ያጠናቸው ነበር፤ በአገልግሎት ዘመኑም ከ3,000 በላይ ሰዎችን መያዙ ይነገርለታል። ከእነርሱ አንዱ ሚስቱን በመግደል የተከሰሰው የገዛ ልጁ ነበር። በ1910 ዐረፈ።

ሎን ሬንጀር ከእርሱ ተቀዳ የሚለው ሐሳብ ግን ማስረጃ የለውም። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ አንድ ሰው ተመሳሳይነቱን አነሡ፤ ሪቭስ ማንነቱን እየለወጠ ወንጀለኛ ያሳድድ ነበር፤ ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆኑ ረዳቶችም አብረውት ይጓዙ ነበር። ይሁንና የድራማው ደራሲ ፍራን ስትራይከርም ሆነ የጣቢያው ባለቤት ጆርጅ ትሬንድል ስለ ሪቭስ ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ጽሑፍ አልተገኘም። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ባስ ሪቭስ ትልቅ ለመባል የሌላ ሰው ጭምብል አያስፈልገውም። ይልቅስ የሚያሳዝነው በዚያ ዘመን ከነበሩት ከብት ነጂዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ጥቁር እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች እየገመቱ፣ በሬዲዮው ወርቃማ ዘመን የተወደዱት ማርሻሎች ሁሉ ነጮች መሆናቸው ነው። የሎን ሬንጀር ባልደረባ የነበረው ነባር አሜሪካዊው ቶንቶም ቢሆን በሬዲዮ የተጫወተው ጆን ቶድ የተባለ ነጭ ተዋናይ ነበር። የምወደው ‹ጋንስሞክ›ም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ክፍል ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተላለፉት ክፍሎች 480 ያህል ስለሆኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ መስማት አያስፈልግም። በታኅሣሥ 1952 መጨረሻ ከተላለፈውና ‹ጎጆዋ› የሚል ርእስ ካለው ክፍል ይጀምሩ። ማት በበረዶ ውሽንፍር ተይዞ ወደ አንዲት የሜዳ ጎጆ ይገባል፤ ውስጥ ግን ሁለት ነፍሰ ገዳዮችና በእጃቸው የወደቀች አንዲት ወጣት ሴት አሉ። ቼስተር የለም፣ ዶክተሩ የለም፣ ከተማው የለም፤ ከአራት ሰዎች ድምፅና ከነፋሱ በቀር ምንም አይሰማም። ሌሊት ብቻዎን ሆነው መብራት አጥፍተው ቢሰሙት ይመረጣል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሴቲቱ ወደ ዶጅ ሄዳ በመጠጥ ቤት ለመሥራት ማሰቧን ትነግረዋለች። ማት ይህ የደረሰባት ነገር ልቧን እንዳያመርረው፣ በዚህ ዓለም ጥሩ ወንዶችም ብዙ እንዳሉ ይነግራታል። እርሷም እንዲህ ሲባል እንደምትሰማ ብቻ ትመልስለታለች።